ምጽዋቱ በአደባባይ፣ ሕሙሙ በስውር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር በዶንኪ ቲዩብ መርሐ ግብሩ ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በቀጥታ ሥርጭት ገንዘብ ባሰባሰበባቸው ቀናት፣ እኛ የሶዶ ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከሠርክ ጉባኤ በኋላ ቶሎ ወደ ቤታችን አንሄድም ነበር። በአዳራሹ ጥግ አንድ ስልክ በወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ዐሥር ዐሥራ አምስት ሰው ይከበዋል፤ የገንዘቡ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር እልልታ ይሰማል። የኪስ ገንዘቡን በቴሌብር የላከ ተማሪ፣ ለበዓል ልብስ ያስቀመጠችውን የሰጠች እኅት በመካከላችን ነበሩ። በእውነት ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

በሦስተኛው ምሽት ግን አንድ ታላቅ ወንድማችን ጥያቄ አነሣ። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ምጽዋታችን በስውር እንዲሆን አዝዞናል (ማቴ. 6፥1-4)። ታዲያ የሰጪው ስምና የብሩ መጠን እየተጠራ፣ በጭብጨባ እየታጀበ የሚሰጥ ስጦታ ከዚህ ትእዛዝ ጋር እንዴት ይታረቃል? አለ። እልልታው ቆመ፤ ክርክር ተጀመረ። ገሚሱ «ዝናን በመልካም ሥራ ስም መሸጥ ነው» አለ፤ ገሚሱ ደግሞ «የተራበ ሰው ስለ ሰጪው ልብ ምን ቸገረው?» ሲል መለሰ። እኔ በዚያ ምሽት አልተናገርሁም። ዝም ያልሁበትን ምክንያት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ማዕከሉ አነሣሥ ጥቂት ማለት ይገባኛል፤ ከእኛ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሥርጭቱ ወዲህ ያለውን ብቻ ነውና።

በሀገራችን የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ለረጅም ዘመን የአንድ ቤት ታሪክ ሆኖ ቆይቷል። ያም ቤት በአዲስ አበባ በመርካቶ አካባቢ የሚገኘው፣ በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራውና ኋላም የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ የሆነው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከጎንደርም፣ ከሐረርም፣ ከእኛም ከወላይታ ሕሙማን ወደዚያው ይወሰዱ ነበር። ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ይዞ በአውቶቡስ ይህን ያህል መንገድ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። በሽታው የሚፈራ፣ ቤቱም የሚሸሽ ከመሆኑ የተነሣ «አማኑኤል ገባ» ማለት በሰው አፍ «አበደ» ማለት ሆነ። «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ተብሎ የሚተረጎመው የመድኃኒታችን ስም መሳለቂያ የሆነበት ሌላ ቦታ ይኖር ይሆን? የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እንኳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ጥቂቶች በውጭ ሀገር የተማሩ ነበሩ።

ሆስፒታል ያለው ግን ወስዶ የሚያስገባው ዘመድ ላለው ነው። ዘመድ የሌለው በጎዳና ቀረ። የዛሬው የክብር ዶክተር ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው ሥራ የተነሣው ከዚህ ቦታ ነው። በቤተሰቦቹ ቤት ጥቂት ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሰብስቦ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መመገብ ያዘ። ለሥራው የሰጠው ስም ከሐዋርያት ሥራ የተወሰደ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ ሳለ በሌሊት ራእይ አንድ የመቄዶንያ ሰው ቆሞ ወደ ሀገሩ ተሻግሮ እንዲረዳቸው ሲለምነው አየ (ሐዋ. 16፥9)። የማዕከሉ መሪ ቃልም «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል ነው። ጌርጌሴኖን የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማኅበርም እንዲሁ ስሙን የወሰደው ከወንጌል፣ ጌታ በመቃብር ስፍራ ይኖር የነበረውን ሰው ከፈወሰበት ምድር ነው። ሕሙማኑን ከጎዳና ያነሡት ሰዎች ለቤታቸው ስም ሲፈልጉ የደረሱት ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የምእመናን፣ የነጋዴዎች፣ የተማሪዎችና የዝነኞች ታሪክ ነው። ልደቱን ወይም ሠርጉን በማዕከሉ ከአረጋውያኑና ከሕሙማኑ ጋር ማዕድ በመቁረስ ማክበር በከተማው ልማድ ሆነ። አርቲስቶች ጎበኙ፤ በየመድረኩ ስለ ማዕከሉ ተናገሩ። በቤተሰብ ቤት የተጀመረው ሥራ ዛሬ በተለያዩ ከተሞች ባሉት ቅርንጫፎቹ ከ8 ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘ ሆኗል። የ2017ቱ የዶንኪ ቲዩብ ዘመቻም ለዚሁ ቤት ግንባታ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አስገኝቷል።

ይህን ከሌላ ዘመን ጋር ሳነጻጽረው እደነቃለሁ። በ1977 ዓ.ም. በረሀብ ጊዜ፣ በሐምሌ ወር፣ ቦብ ጌልዶፍና ባልንጀሮቹ በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለውን ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ስለ እኛ አቀረቡ። ዘፋኞቹ የውጭ ሰዎች፣ ሰጪዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያዊው በሥዕሉ ላይ ብቻ ነበር። ያ ገንዘብ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን ዐጥንቱ የወጣ ሕፃን ሥዕል ለዐርባ ዓመታት በዓለም ፊት የእኛ መታወቂያ ሆኖ ቀረ። አሁን ግን የራሳችን ሰው በራሳችን ቋንቋ ለምኖ፣ የአዲስ አበባ ባለሱቅ፣ የሶዶ ተማሪ፣ በስደት ያለ ሠራተኛ ሰጠ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስለ ሥዕሉ ግን መመለሴ አይቀርም።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ ልመለስ። የተራራው ስብከት ስለ ምጽዋት የሚናገረው ለሰጪው ልብ ነው፤ የሚከለክለውም ለመታየት ብሎ መስጠትን ነው። ስለ ድሀው በአደባባይ የሚለምነውን ግን አልከለከለም። ይህን ለማስረዳት ከዚያው ከመቄዶንያ የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ገንዘብ በሚያሰባስብበት ጊዜ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ሁለተኛውን መልእክት ስምንተኛና ዘጠነኛ ምዕራፍ አንብቡ። የመቄዶንያ አብያተ ክርስቲያናት በመከራና በጽኑ ድህነት ውስጥ ሳሉ ከዐቅማቸው በላይ እንደ ሰጡ ይተርክላቸዋል፤ በስጦታውም ይሳተፉ ዘንድ እነርሱው አጥብቀው እንደ ለመኑ ይነግራቸዋል። ይህ ሁሉ ለምን? ባለጠጎቹ ቆሮንቶሳውያን ቀንተው እንዲሰጡ ነው። ከዚያም አልፎ ስለ ቆሮንቶስ ሰዎች ፈቃደኝነት ደግሞ በመቄዶንያ ሰዎች ፊት ይመካ እንደነበር ይናገራል። እንግዲህ ሐዋርያው አንዱን ከተማ በሌላው ያነሣሣ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በቀጥታ ሥርጭት «እገሌ ይህን ሰጠ፤ እናንተስ?» ሲባል የምንሰማው ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በተመሳሳይ ምዕራፍ ግን ሌላም ነገር አለ። ሐዋርያው ስለሚሰበሰበው ብዙ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቆ፣ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሌላ ወንድም አብሮ እንዲሄድ አድርጓል (2ቆሮ. 8፥18-21)። የዛሬ ሰው ኦዲት የሚለው ነው። በአደባባይ የተለመነ ገንዘብ በአደባባይ ይቆጠራል፤ ይህ መቄዶንያን የመሰለ ማዕከልንም፣ የእኛን የሰንበት ትምህርት ቤት ሙዳየ ምጽዋትም እኩል የሚመለከት ነው። (የእኛው ሒሳብ ሪፖርት ለመጨረሻ ጊዜ የቀረበው መቼ እንደሆነ የምታስታውሱ ብትኖሩ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።)

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ምጽዋቱ በአደባባይ ቢሆን ነውር የለበትም። በስውር መሆን ያለበት ሌላ ነው፤ የታመመው ሰው። ያን ምሽት ዝም ያሰኘኝም ይኸው ነው።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በማደሪያ ክፍላችን አንድ ወንድም ነበረ። ትጉህ ተማሪ፣ በግቢ ጉባኤም በመዝሙር የሚያገለግል። አንድ ሌሊት ከአልጋው ሥር ባለች ትንሽ ቦርሳ ውስጥ የኪኒን ካርድ አየሁና ጠየቅሁት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአእምሮ ሕመም ታምሞ እንደነበርና ከዚያ ጀምሮ በየማታው አንዲት ፍሬ እንደሚወስድ ነገረኝ። እኔም ዲያቆን ነኝና፣ በዐዋቂነትም ተሞልቼ ነበርና፣ ይህ እምነትን ማጉደል መሆኑን፣ በጾምና በጸበል የሚወጣ እንጂ በኪኒን የሚያዝ እንዳልሆነ አስተማርሁት። ያስተማርሁት ቃሉን እየጠቀስሁ ነው፤ አመነኝ። ካርዱን ራሴ ወስጄ ጣልሁት።

ሳምንታት አለፉ። እንቅልፍ አጣ፤ ከዚያ ንግግሩ በዛ፤ ከዚያም ክፍል መግባት ተወ። ግድግዳው ያናግረው ጀመር። እኛ ጓደኞቹ ተማክረን ወደ አንድ የጸበል ቦታ ወሰድነው። በመንገድ ስለ ታገለን እጁን በገመድ አስረን ነበር። እዚያ እንደ ደረስን አንድ የማናውቀው ሰው ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው። አልከለከልነውም፤ መከልከል እንዳለብን እንኳ አላሰብንም።

ያሳፈረኝ ሐኪም አይደለም፤ አጥማቂው አባት ናቸው። ሽማግሌ ናቸው። ከመስቀሉ በፊት፣ ከጸበሉ በፊት፣ መጀመሪያ የጠየቁን ነገር «መድኃኒት ነበረው ወይ?» የሚል ነበር። ዝም አልን። ደግመው ሲጠይቁ እውነቱን ነገርኋቸው። ብዙ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ጸበሉ ከመድኃኒቱ ጋር ጠብ የለውም፤ የምታጣሏቸው እናንተ ናችሁ» አሉኝ። ገመዱን አስፈቱ፤ አጠመቁት፤ በማግሥቱም ወደ ሐኪም እንድንወስደው አዘዙን። ያ ወንድም ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤተሰቡ ሄደ፤ አንድ ዓመት ዘግይቶም ተመለሰ። ዛሬ ደኅና ነው፤ ኪኒኑንም ይወስዳል፤ ይቆርባል። ይህን እንድጽፍ ፈቃዱን ስጠይቀው ፈቀደልኝ፤ ስሙን፣ የመጣበትን ወረዳና የሚማረውን ትምህርት እንዳልጠቅስ ግን አስጠነቀቀኝ። ስለ ዘመቻው ምን እንደሚያስብም ጠይቄው ነበር። «እኔም ልኬያለሁ» አለኝ። «ነገር ግን በየማኅበራዊ ሚዲያው የሕሙማን ፊት በታየ ቁጥር ያ ሰው የቀረጸኝ ነገር የት ደርሶ ይሆን እላለሁ። ሥራ ስፈልግ፣ ሚስት ላገባ ሽማግሌ ስልክ ሊመጣብኝ ይችላል።»

አንባብያን ሆይ፣ ኖኅ ሰክሮ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ሁለቱ ልጆቹ ልብስ በጫንቃቸው አድርገው፣ ወደ ኋላቸው እየሄዱ፣ የአባታቸውን ኀፍረት ሳያዩ ሸፈኑት (ዘፍ. 9፥20-23)። በረከቱን ያገኙት በዚህ ነው። ሦስተኛው ልጅ የሠራው ነገር ማየትና ማውራት ብቻ ነበር። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ከጎዳና የተነሣ ሰው ከመታጠቡ በፊትና በኋላ የተነሣው ፎቶ ጎን ለጎን ሲለጠፍ ልባችን ይነካል፤ እጃችንም ይዘረጋል። ግን ያ ሰው፣ አእምሮው ተመልሶ ያን ፎቶ ቢያይ ምን ይል ይሆን? ፈቃድ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ማን ፈቀደለት? በጌርጌሴኖን የነበረው ሰው ከዳነ በኋላ ለብሶ፣ ልብ ገዝቶ በጌታ እግር አጠገብ እንደ ተቀመጠ ወንጌል ይነግረናል፤ ስሙን ግን አልነገረንም። ስሙ «ሌጌዎን» ተብሎ የተጻፈው የአጋንንቱ ነው እንጂ የእርሱ አይደለም።

በነገራችን ላይ ይህን የወንጌል ክፍል ጠቅሰን «የአእምሮ ሕመም ሁሉ መንፈስ ርኩስ ነው» የምንል አለን። እኔም እል ነበር። ነገር ግን ቅዱስ ማቴዎስ ወደ ጌታ የቀረቡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ ሕመምተኞችን ለብቻ ይጠራቸዋል (ማቴ. 4፥24)። መለየት የአባቶችና የሐኪሞች ሥራ ነው፤ የሁለተኛ ዓመት ዲያቆን ሥራ አይደለም። በቀኖናችን የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትም ከምድር በእግዚአብሔር የተገኘ መሆኑን ያስተምራል። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ከከተማው ዳር ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለለምጻሞች ማደሪያና መታከሚያ የሠራ አባት ነው። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በኤችአይቪ የተያዙ ምእመናን ጸበሉን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃረን በአደባባይ ተናግረዋል። በእንጦጦ ማርያም የጸበል ቦታም ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን የሚረዱበት አሠራር ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ጥናት ታትሞበታል። ይህ ሁሉ ሳለ በየማደሪያ ክፍላችን ኪኒን የምናስጥል ዲያቆናት አሁንም አለን።

ዝነኞች በዚህ ምን ሊረዱን ይችላሉ? በሌላው ዓለም የሆነውን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1908 ክሊፈርድ ቢርስ የተባለ አሜሪካዊ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ታስሮ የደረሰበትን በመጽሐፍ ጽፎ አሳተመ፤ በማግሥቱ ዓመት ስለ አእምሮ ጤና የሚሠራ ብሔራዊ ኮሚቴ አቋቋመ። የቆመው ስለ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ስለ ራሱ ነው። ተዋናይት ግሌን ክሎዝ እ.ኤ.አ. በ2010 የበጎ አድራጎት ድርጅት ስትመሠርት ምክንያቷ በአእምሮ ሕመም የተያዙት እኅቷና የእኅቷ ልጅ ነበሩ፤ እነርሱም ፈቅደው ከጎኗ ቆሙ። የእንግሊዝ መሳፍንት እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመሩት ዘመቻም ልዑል ሃሪ እናቱን ካጣ በኋላ ያሳለፈውንና እርዳታ ለመፈለግ የዘገየበትን ራሱ ተናገረ። የእነዚህ ሰዎች ሌላ ሕይወት ለእኛ አርአያ ነው እያልሁ አይደለም። የተናገሩበት አኳኋን ግን ያስተምራል፤ የገለጡት የራሳቸውን እንጂ የሌላውን ቁስል አይደለምና።

በእኛ ሀገር ዝነኛው በአብዛኛው የሚቆመው ስለ ሌላው ሕመም ነው። ሕመምተኛው ድሀና የጎዳና ሰው፣ ዝነኛው ደግሞ ጤነኛና ሰጪ። ይህ አሣሣል ሳይታወቀን አንድ ትምህርት ያስተምረናል፤ የአእምሮ ሕመም ጎዳና ላይ እንጂ በጥሩ ቤት የማይኖር ይመስለናል። ስለዚህ በግቢ ውስጥ ያለ ተማሪ፣ በመሥሪያ ቤት ያለ ወንድም፣ ልጅ ወልዳ በሐዘን የተያዘች እኅት «እኔ እንደ እነዚያ አይደለሁም» ብለው ይደብቁታል። ያ ጓደኛዬ ኪኒኑን ከአልጋ ሥር የደበቀው ለዚህ ነው። አንድ የታወቀ ሰው፣ ወይም ደግሞ አንድ የተከበረ ሰባኪ፣ ከመድረክ ላይ «እኔም ታምሜ ታክሜአለሁ» ቢል ብዙ ብር ከማሰባሰብ የማያንስ ምጽዋት ይሆን ነበር።

ሌላው የሚያሳስበኝ ነገር ርቀት ነው። በቡታጅራ አካባቢ ለብዙ ዓመታት በተደረገው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተመርምረው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል አብዛኞቹ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ሆነው ተገኝተዋል። ለዐሥር ዓመት ተከታትለው ሲያዩአቸውም ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ይሞታሉ። ሠላሳ ዓመት! እነዚህ የጎዳና ሰዎች አይደሉም፤ በየጎጆአቸው፣ ከቤተሰብ ጋር ያሉ ገበሬዎች ናቸው። የትኛውም ማዕከል፣ የቱንም ያህል ፎቅ ቢሠራ፣ እነዚህን ሁሉ ሊሰበስብ አይችልም፤ መሰብሰብም የለበትም። ኋላም በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ (ስሙ ከእኛዋ ሶዶ ጋር እየተምታታ ብዙ ሰው ያሳስታል) የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ሕክምናውን ወደ ሰዉ ማቅረብ ሲሞከር፣ ከከባድ ሕሙማኑ አብዛኞቹ መጡ። ቅርብ ሲሆን ይመጣሉ ማለት ነው።

ለእኛ ለወላይታ ሰዎች ደግሞ ይህ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ዝሆኔ የምንለውን የእግር እብጠት አስቡ። በ1995 ዓ.ም. አካባቢ የታተመ ጥናት በዞናችን ከ100 ሰዎች ከ5 በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አሳይቷል። ስንት ዘመን በዘር የሚወርድ ርግማን ነው ሲባል ኖረ! ከዚያ ቤት ልጅ አይታጭም፤ በጉባኤም አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። ኋላ ግን ምክንያቱ በቀዩ አፈራችን ላይ በባዶ እግር ብዙ ዓመት መሄድ መሆኑ ታወቀ። ፈውሱም ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ጨርቅና ጫማ ሆነ። ሞሲ ፉት በሚል ስም በሚታወቀው ማኅበር ሥራ ደግሞ የታከሙት ሰዎች ራሳቸው ሌሎችን እግር ማጠብ አስተማሩ። ለዚህ የመጣ ዝነኛ አላየሁም። የሆነው በቅርብ፣ በየወረዳው፣ እግር በሚያጥቡ ሰዎች ነው። ይህን ያደረገ ሕዝብ ስለ አእምሮ ሕመምም ማድረግ አይሳነውም ብዬ አምናለሁ።

በከተማችን የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። የጎደለው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳይሆን መንገዱ ነው። ከበሌ ወይም ከገሱባ በየወሩ ለመድኃኒት የሚመላለስ ሰው የትራንስፖርት ገንዘብ ሲያጣ አንድ ወር ይዘላል፤ ሁለተኛውን ይተዋል፤ ከዚያ ወደ ጸበል ታስሮ ሲመጣ እናየዋለን። ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ሥራ አመራር ያቀረብሁት ሐሳብ ትንሽ ነው። ለመቄዶንያ መላካችንን እንቀጥል፤ ከምናሰባስበው ግን ግማሹ በአጥቢያችን ላሉ ሕሙማን የቀጠሮ ቀን ትራንስፖርት ይሁን፤ ሁለት ሁለት ሰውም አብሯቸው ይሂድ። የማንንም ፎቶ አናነሣም። ሪፖርታችን የሚያሳየው ብሩንና ቁጥሩን ብቻ ነው። አንዳንዶች «ፎቶ ከሌለ ማን ይሰጣል?» ብለውኛል። ሊሆን ይችላል፤ ከግማሽ በታች ልናገኝ እንችላለን። እኔ ግን ግማሹን እመርጣለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የምትቀመጠውን፣ በቅዳሴ ሰዓት ድምፅዋን ከፍ የምታደርገውን እናት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ለዓመታት «እብዷ» ስንላት ኖረናል። ባለፈው ሰንበት ስሟን ስጠይቅ ከጥበቃው አባታችን በቀር የሚያውቅ አላገኘሁም። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ከልጇ ጋር ተነጋግረን፣ እርሷም እሺ ብላ፣ ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዘንላታል። ሁለት እኅቶች አብረዋት ይሄዳሉ፤ የባጃጅም ተከፍሏል። እርሷ የምትናገረው ወላይትኛ ብቻ ስለሆነ፣ ከሄዱት እኅቶች ጋር ሆኖ ለሐኪሙ የሚያስረዳ ወላይትኛ አጥርቶ የሚናገር ሰው አልተገኘም። ማክሰኞ ጠዋት ነጻ የሆናችሁ ካላችሁ እስከ ሰኞ ሠርክ አሳውቁኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።